የሥነ ምድርና የአፈር ምዕራፍን መመርመር፦ በጎጃም የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን ለሚገመግሙ ባለሙያዎች

ለመንገድ፣ ለመስኖ ግድብ፣ ለድንጋይ ካባ ወይም ለፋብሪካ የተዘጋጀ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ሲገለጥ ስለ ሥነ ምድርና ስለ አፈር የሚያትተው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ረጅምና ካርታ የበዛበት ነው፤ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ግን እምብዛም አይገናኝም። የአካባቢው አለት ባዛልት መሆኑ ይነገራል፣ የአፈሩ ዓይነት በሠንጠረዥ ይዘረዘራል፣ ከዚያም ምዕራፉ ይዘጋል። ገምጋሚው በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ የተጻፈው እውነት የትኛውን የፕሮጀክቱን ሥራ፣ ቦታ ወይም ዲዛይን ቀየረ? ምንም ያልቀየረ ከሆነ ወይ ለፕሮጀክቱ የማያስፈልግ መረጃ ነው፣ ወይ ደግሞ አጥኚው ጽፎት አልተጠቀመበትም። ጎጃም ውስጥ የሚያጋጥመው በአመዛኙ ሁለተኛው ነው፤ መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ጥልቅና ሸክላማ፣ ዝናቡም በጥቂት ወራት ተጠቃሎ የሚወርድ በመሆኑ ለሥራው ፋይዳ የሌለው የአፈር መረጃ በዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሪፖርቱ የፕሮጀክቱን ባሕርይ፣ ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆኑ ተፅዕኖዎችን ከነቆይታቸው፣ የማስወገጃና የማቃለያ እርምጃዎችን፣ ለድንገተኛ አደጋ የተዘጋጀ ዕቅድንና የክትትል ሥርዓትን እንዲይዝ ያዝዛል። ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤትም የሕዝብና የባለሙያ አስተያየትን ከግምት አስገብቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሪፖርቱን ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲያጸድቅ፣ በቅድመ ሁኔታ እንዲያጸድቅ ወይም እንዲከለክል ይጠበቅበታል። ጊዜው አጭር ስለሆነ የንባቡ ቅደም ተከተል ራሱ ለውጥ ያመጣል። ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ አይመከርም። መጀመሪያ የፕሮጀክቱ ሥራ የተገለጸበት ክፍል ይነበብ፤ ምን ያህል ሜትር ኩብ አፈርና አለት እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህሉ ለሙሌት እንደሚውል፣ ትርፉ የት እንደሚደፋ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ ከየት እንደሚመጣ፣ ጊዜያዊ መንገድና ካምፕ የት እንደሚሆን በማስታወሻ ይያዝ። ቀጥሎ የማቃለያ እርምጃዎቹ ይነበቡ። የነባራዊ ሁኔታ መግለጫው በመጨረሻ ይምጣ፤ በዚያን ጊዜ ገምጋሚው ምን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ የጎደለውን ወዲያውኑ ያያል።

የጎጃምን መሬት በሦስት ከፍሎ ማየት

ለግምገማ ሥራ ሲባል የጎጃምን መሬት የአባይ በረሃ ገደል፣ የባዛልት አምባውና የጮቄ ተዳፋት፣ እንዲሁም የምዕራቡና የጣና አቅራቢያው ወጣት ላቫ ብሎ መክፈል ይጠቅማል። ክፍፍሉ ለሳይንስ ትክክለኛነት ሳይሆን ለጥያቄ አመራረጥ የተደረገ ነው፤ በየክፍሉ የሚጠየቀው የተለያየ ነውና።

ከደጀን ወደ አባይ ወንዝ የሚወርድ ሰው ከላይ ወደ ታች የምድርን ታሪክ ወደ ኋላ ይጓዛል። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ወፍራም ባዛልት አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ቀጫጭን የጭቃ ድንጋይ ንብርብሮች፣ ወደ ወንዙ ሲቀረብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ይህ አደራደር ለገምጋሚ ትልቅ ትርጉም አለው። ከባዱና የተሰነጣጠቀው ባዛልት ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል፤ የጭቃ ድንጋዩ ግን ውሃውን ይይዘውና ይለሰልሳል፤ ከላይ ያለው ክብደት በለሰለሰው ላይ ይንሸራተታል። ጂፕሰም በውሃ የሚሟሟ ከመሆኑም በላይ ሰልፌቱ ተራ ኮንክሪትን ያበላሻል። ስለዚህ በገደሉ ውስጥ ለሚሠራ ማንኛውም ግንባታ የቀረበ ሪፖርት ስለ ሲሚንቶው ዓይነትና ስለ ሰልፌት ምርመራ ምንም ሳይል ካለፈ ወደ አዘጋጁ የሚመለስበት በቂ ምክንያት አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈው መንገድ በመሬት መንሸራተት ምክንያት በተደጋጋሚ መጎዳቱና አስፋልቱ መሰነጣጠቁ በተጓዡ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተከፈተም በኋላ የተዳፋቱ እንቅስቃሴ የምርመራና የጥገና ጉዳይ እንደሆነ ቀጥሏል።

በአምባው ላይ ነገሩ ረጋ ያለ ይመስላል። ሆኖም ባዛልቱ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ አይደለም፤ በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ረጅም ዘመን አልፎ አፈር ተፈጥሮ፣ ያም አፈር በተከታዩ ላቫ ተቃጥሎ ቀይ ንብርብር ሆኖ ቀርቷል። ይህ ቀይ ንብርብር በመንገድ ቁርጥ ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የብዙ ቀበሌዎች ምንጭ የሚወጣው ከእሱ በላይ ነው። መንገድ ወይም ቦይ ለማውጣት ተዳፋቱ በዚህ ንብርብር ላይ ከተቆረጠ ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ይመጣሉ፦ የላይኛው አለት መደገፊያ ያጣል፣ ምንጩም ቦታ ይቀይራል ወይም ይደርቃል። ሪፖርቱ ምንጮችን በውሃ ምዕራፍ፣ አለትን በሥነ ምድር ምዕራፍ ለየብቻ ጽፎ ካልተገናኙ፣ ገምጋሚው ሁለቱን ካርታዎች ደራርቦ ማየት አለበት። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ ራሱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከእሱ ስለሚነሡ በላይኛው ተዳፋት ላይ የሚከላ አፈር ጉዳቱ እዚያው አይቀርም።

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ፣ እስከ ጣና ደቡባዊ ዳርቻ ድረስ፣ ላቫው በሥነ ምድር አቆጣጠር ወጣት ነው። የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ስኮሪያ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ጠጠር የሚቆፈርባቸው ጉብታዎችም ብዙ ናቸው። እዚህ ዋናው ጥያቄ የውሃ ስርገት ነው። የተሰነጣጠቀ ወጣት ላቫ የፈሰሰበትን ዘይት፣ የቆሻሻ ፍሳሽ ወይም ኬሚካል ሳያጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የነዳጅ ማከማቻ ወይም የፍሳሽ ገንዳ የታቀደበት ቦታ ላይ ያለው የአፈር ውፍረት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ መቅረብ አለበት።

አፈሩ፦ ቀዩና ዋልካው

ከቢቸና እስከ ደጀን የተዘረጋው ጥቁር ዋልካ፣ በየቦታው መረሬ የሚባለውም፣ ከመቶ 30 እጅ በላይ ሸክላ ያለው፣ በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ አፈር ነው። ገበሬው ጠባዩን ስለሚያውቅ ውሃው እስኪቀንስ ይጠብቃል፤ ጓያና ሽምብራን የመሳሰሉትንም በቀረው እርጥበት ያበቅላል። ተቋራጭ ግን የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣው በገንዘብ ዓመቱ ነው። ዋልካ በረጠበ ጊዜ ከባድ ማሽን ከሄደበት ይጠቀጠቃል፤ ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ይዘጋል፤ የተጠቀጠቀው ንብርብር ከማረሻ በታች ስለሚሆን በሚቀጥለው ዓመት እርሻ ብቻ አይስተካከልም። ስለዚህ በዋልካ መሬት ላይ ለሚያልፍ ሥራ የመጀመሪያው የማቃለያ እርምጃ ወር መምረጥ ነው። ሪፖርቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬት የሚቆፍርና አፈር የሚያንቀሳቅስ ሥራ እንደሚቆም በግልጽ ካላሰፈረ ሌላው ማቃለያ ሁሉ ትርጉሙ ይቀንሳል።

በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚበዛው ቀይ አፈር ጥልቅና ውሃ የሚያሳልፍ ነው፤ ለግንባታም ከዋልካ የተሻለ ነው። ችግሩ ኮምጣጣነት ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለወሰደው የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) በብዙ ቦታ ከ5.5 በታች ወርዷል፤ በዚህ ደረጃ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብል ሥርን ይጎዳል፣ ፎስፈረስም ይታሰራል። በባንጃና በአካባቢው ገበሬው ብዙ ማሳውን ዲከረንስ ለሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍና ለከሰል የሰጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለገምጋሚው የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በኮምጣጣ አፈር ላይ ያለው ለምነት ሁሉ ከላይ ባለው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ተጠቃሏል። ያ ንብርብር ከታችኛው ጋር ከተቀላቀለ መሬቱ ቀይ አፈርነቱ ሳይለወጥ ምርቱ ይሞታል። ከመራዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራውን የቆጋ መስኖ የመሰለ ሰፊ ልማት በሚታሰብበት ቀይ አፈር ላይ ቦይ ሲቆፈርና ማሳ ሲስተካከል ይህ ጉዳይ በየማሳው የሚታይ ነው።

በሁለቱ መካከል በየሸለቆው ጨፌና ረግረግ አለ፤ በየኮረብታው ጭንጫ አለ። ጭንጫውን ሪፖርቶች «ዝቅተኛ ዋጋ ያለው» ብለው ለቆሻሻ መድፊያ ወይም ለካምፕ ይመርጡታል። ይህ አስተሳሰብ መፈተሽ አለበት፤ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ ያለው ተዳፋት 5 ሴንቲ ሜትር ቢያጣ ሲሦውን አጥቷል፣ ጥልቁ ቀይ አፈር ግን ያንኑ ያህል ቢያጣ ብዙም አይሰማውም።

ካርታውን መመርመር

ሪፖርቱ ላይ የተለጠፈው የሥነ ምድር ካርታ ብዙውን ጊዜ ከ1 ለ250 ሺህ ካርታ ተቆርጦ የተጎላ ነው። በዚህ መጠን 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። 50 ሄክታር የሚሸፍን ፕሮጀክት በዋናው ካርታ ላይ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ካርታውን ማጉላት ዝርዝር አይጨምርም። ገምጋሚው የካርታውን ምንጭና መጠን፣ አጥኚው በራሱ የቆፈራቸውን የናሙና ጉድጓዶች ብዛትና መጋጠሚያ ነጥባቸውን (በካርታ ላይ ያሉበትን ትክክለኛ ቦታ) ይጠይቅ። መንገድ ከሆነ የናሙናዎቹ ርቀት፣ ፋብሪካ ከሆነ ጉድጓዶቹ በመሠረቱ ሥር መሆን አለመሆናቸው ይታይ። የላቦራቶሪ ውጤት ተያይዞ ከሆነ ቀኑ ይነበብ፤ ለዲዛይን ተብሎ የተሠራ የሲቢአር (አፈሩ ጭነት የመሸከም አቅሙ) እና የአተርበርግ ወሰን (አፈሩ በስንት እርጥበት እንደሚለሰልስና እንደሚፈስ) ምርመራ ለመሠረት ጥንካሬ ይጠቅማል፤ ስለ ለምነት፣ ስለ ኦርጋኒክ ካርቦንና ስለ ኮምጣጣነት ግን ምንም አይናገርም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያቀርብ ሪፖርት ያጋጥማል፤ መሐንዲሱ አፈሩን እንደ ዕቃ ሲመለከተው የአካባቢ ባለሙያውም በዚያው ይረካል።

በመስክ የሚታይ

የመስክ ጉብኝት በፕሮጀክቱ ወሰን ውስጥ ብቻ ከተወሰነ ዋናው ነገር ያመልጣል። በመጀመሪያ ወደ ላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት እስከ ውሃ መክፈያው፤ ቀጥሎ ወደ ታች፣ ውሃው እስከሚደርስበት ወንዝ ወይም ጨፌ ድረስ በእግር ይሄዳል። በመንገድ ላይ ያሉ አሮጌ ቁርጦች፣ የወንዝ ዳርቻዎችና የተከፈቱ ካባዎች ነጻ የናሙና ጉድጓዶች ናቸው።

ጉድጓድ ሲቆፈር ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን፤ አንዱ ግድግዳው ወደ ፀሐይ ይዙር። በቢላ ጫፍ ከላይ እስከ ታች እየተወጋ ጥንካሬው የሚለወጥበት ቦታ ይፈለግ። ከየንብርብሩ አንድ እፍኝ ተወስዶ በውሃ ይታሽ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ ሪባን ሲገፋ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ሸክላው ብዙ ነው፤ ገና 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ አሸዋ ወይም ደቃቅ ደለል ያመዝናል። በዋልካ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች አጋድመው የተቀመጡ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያብረቀርቁ ልሙጥ ገጽታዎች ይታያሉ። አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ተንሸራትቶ የለሰነው ነው። ይህ ከታየ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ አፈሩ የሚያብጥ መሆኑ ይመዘገባል፣ በእሱ ላይ የሚያርፍ ቀላል ሕንፃ፣ የውሃ ቧንቧና የቦይ ሽፋን እንዴት እንደሚጠበቅም ከዲዛይኑ ይጠየቃል። ግራጫና የዛገ ብረት የመሰሉ ነጠብጣቦች ከታዩ ደግሞ ውሃ በየዓመቱ እስከዚያ ድረስ ይቆማል ማለት ነው፤ ሪፖርቱ «የከርሰ ምድር ውሃ አልተገኘም» ያለው በየካቲት ቆፍሮ ሊሆን ይችላል።

የመንሸራተት ምልክቶች በበጋም ይነበባሉ። ግንዳቸው ከሥር ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ዛፎች፣ በደረጃ የወረደ ሣር፣ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ያለ ምክንያት የተጣመመ አጥር፣ በደረቅ ወር አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ቁራጭ መሬት ሁሉ መረጃ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ቦታ ከተገኙ ያ ተዳፋት በጂኦቴክኒክ ባለሙያ ተለይቶ ሳይጠና እንዲቆረጥ መፍቀድ ተገቢ አይደለም።

ለገበሬዎች የሚቀርበው ጥያቄም ይታሰብበት። «መሬቱ ይንሸራተታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀረቤታ የሌለው ሰው ከጠየቀው መልሱ አጭር ነው። ከዚያ ይልቅ ከሽማግሌዎች ጋር ማሳ ለማሳ እየሄዱ፣ ፈሰስ በየት በኩል እንደሚያወጡ፣ የጎረቤት ፈሰስ ማንን እንዳጣላ፣ እርከኑ በየትኛው ክረምት እንደፈረሰ፣ ምንጩ ከየት ወደ የት እንደሄደ መጠየቅ ይሻላል። እናቶች ውሃ ስለሚቀዱ ስለ ምንጭ የሚሰጡት መልስ ከቀበሌው መዝገብ ይበልጣል፤ በስብሰባ ላይ ግን ላይናገሩ ስለሚችሉ በምንጩ አጠገብ መጠየቅ ይሻላል።

ቱቦው የሚተፋው ውሃ

በጎጃም ውስጥ በግንባታ ምክንያት የሚደርሰው የአፈር ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚጀምረው ከመንገድ ቱቦ መውጫ ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። ከመንገዱ በላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በጎን ቦይ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይወጣል። የመውጫው ኮንክሪት ከመሬቱ ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ ውሃው ይወድቅና ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። በሁለተኛው ክረምት ጉድጓዱ ወደ ታች ይረዝማል፤ በሦስተኛው ከታች የተነሣ ቦረቦር ራሱን ወደ ላይ እየበላ መጥቶ ይገናኘዋል። ዋልካ ከሆነ በበጋ የተሰነጠቀው ግድግዳ በክረምት በትልልቅ ቁራጭ ይናዳል። በባሕር ዳርና በአዴት መካከል ባለው የደብረ መዊ ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የሸለቆ ቦረቦሮች በፍጥነት የሚሰፉት የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ሲያርሰው ነው፤ ከላይ የሚወርድ ጎርፍ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም። ስለዚህ በሸለቆ ግርጌ የሚሠራ ክትር ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ብቻ ማቃለያ ተብሎ ሲቀርብ፣ ውሃውን የሚያጠነፍፍና የቦረቦሩን ራስ የሚያስተካክል ሥራ አብሮ መታቀዱ ይታይ።

እዚህ ላይ የሚመጣው ስሌት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሪፖርቶች እ.ኤ.አ. በ1985 የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ያስተካከሉትን የአፈር መከላት ቀመር ይጠቀማሉ። ቀመሩ የዝናብን ኃይል፣ የአፈርን ተሸርሻሪነት፣ የተዳፋትን ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬት ሽፋንንና የጥበቃ ሥራን አባዝቶ በሄክታር በዓመት ምን ያህል ቶን አፈር እንደሚከላ ይገምታል። ለማሳ መነጻጸሪያ ጠቃሚ ነው፤ ከእሱ ጋር የተያያዙ ልኬቶች ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የምርምር ጣቢያ የሆነው፣ በደምበጫ አቅራቢያ የሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ ነው። ነገር ግን ቀመሩ ቦረቦርን አይቆጥርም፤ የመሬት ናዳንም አይቆጥርም። «ፕሮጀክቱ የሚያስከትለው መከላት አነስተኛ ነው» የሚል መደምደሚያ በዚህ ቀመር ብቻ ከቆመ፣ ከላይ የተገለጸው ቱቦ በስሌቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ገምጋሚው የቱቦዎቹን ዝርዝር ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ መውጫ ውሃው የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍና እስከ ተፈጥሯዊ ወንዝ ድረስ በምን እንደሚሄድ አንድ መስመር ይጻፍ። ዝርዝሩ ከሌለ ጥናቱ አላለቀም።

የላይኛው ለም አፈር

«የላይኛው አፈር ተጠብቆ ይመለሳል» የምትለው ዐረፍተ ነገር በሁሉም ሪፖርት አለች። እውነትነቷ በሒሳብ ይፈተን። 10 ሄክታር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ቢገፈፍ 25 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ክምሩ ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ከበለጠ ውስጡ አየር አጥቶ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይሞታሉ። በ2 ሜትር ከፍታ ቢከመር ጎኖቹ ሳይቆጠሩ እንኳ 1.25 ሄክታር ቦታ ይፈልጋል። ይህ ቦታ በካሳ ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ከሌለ አፈሩ አይጠበቅም፤ ወይ ለሙሌት ይውላል፣ ወይ ወደ ሸለቆ ይገፋል። የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ መከመራቸው፣ ክምሩ ከጎርፍ መንገድ መራቁ፣ ከአንድ ክረምት በላይ ከቆየ ሣር መዘራቱ፣ እርጥብ ሳለ አለመነካቱ በዕቅዱ ውስጥ ከነኃላፊው ሰው መጻፍ አለበት። የአገፋፈፉ ጥልቀትም ለሁሉም ቦታ አንድ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ ከጉድጓዶቹ ተነሥቶ በየክፍሉ ይወሰናል።

ትርፍ አፈርና ፍንጣሪ አለት ከዚህ ጋር አብሮ ይታያል። አለት ሲፈነዳ መጠኑ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል የቁፋሮና የሙሌት ሒሳቡ በካርታ ላይ እኩል ቢመስልም በመሬት ላይ ይተርፋል። ትርፉ የሚደፋበት ቦታ ስምና መጋጠሚያ ነጥብ ሊኖረው ይገባል፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚያልፍ መንገድ ከሆነ «ከጎን ይገፋል» ማለት ከታች ያለውን ማሳ መቅበር ነው።

ስለ ካባ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መከፈቻው ሲፈቀድ መዝጊያው አብሮ ይቅረብ፣ የመዝጊያው ገንዘብም በቅድሚያ ይያዝ። የስኮሪያ ጉብታ ከሥሩ ከተበላ ከላይ የሚናድ ስለሆነ ቁፋሮው በደረጃ ከላይ ወደ ታች መሆኑ ይታይ። ርዕደ መሬትን በተመለከተ ጎጃም እንደ ስምጥ ሸለቆው አሥጊ ባይሆንም ለግድብና ለከፍተኛ ሕንፃ የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ ያስቀመጠው ቀጠና መጠቀሱ ግዴታ ነው።

ክብደቱን መወሰን

ሪፖርቶች ተፅዕኖን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እየሰጡ ያባዛሉ፤ ውጤቱም ከማቃለያ በኋላ ሁልጊዜ «ዝቅተኛ» ይሆናል። ነጥቡ ከየት እንደመጣ ካልተገለጸ ሠንጠረዡ አያስፈልግም። በአፈርና በሥነ ምድር ጉዳይ ክብደት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው የሚመለስና የማይመለስ ጉዳት ነው፤ የተጠቀጠቀ አፈር በብዙ ድካም ይመለሳል፣ ከጭንጫ ላይ የታጠበ አፈር ግን በሰው ዕድሜ አይመለስም። ሁለተኛው ጉዳቱ ከወሰኑ ውጭ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል የሚለው ነው። ሦስተኛው የማቃለያው እርምጃ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሠራው መታወቁ ነው፤ ገንዘብ ያልተመደበለት እርምጃ ነጥብ ሊቀንስ አይገባውም። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ከአንድ በላይ ፕሮጀክት ካለ ደግሞ የሁሉም ጎርፍ ወደ አንድ ሸለቆ መውረዱ በጋራ ይመዘን፤ እያንዳንዱ ሪፖርት የራሱን ብቻ ስለሚቆጥር ድምሩን የሚያየው ገምጋሚው ብቻ ነው።

ቅድመ ሁኔታ አጻጻፍ

ማጽደቂያው ላይ «የአፈር መከላትን ለመከላከል ተገቢው ጥንቃቄ ይደረግ» ተብሎ ቢጻፍ በኋላ ማንም ሊለካው አይችልም። ቅድመ ሁኔታ ቦታ፣ ልክና ጊዜ ይኑረው። ለምሳሌ በተጠቀሰው ኪሎ ሜትር ያለው ቱቦ መውጫ እስከ ወንዙ ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ ማፋሰሻ እንዲኖረውና ሥራው ከሰኔ 1 በፊት እንዲጠናቀቅ፣ ከዚህ ቀን በኋላ በዋልካው ክፍል አዲስ ቁፋሮ እንዳይጀመር፣ የለም አፈር ክምሩ ልኬት በየወሩ ለወረዳው እንዲላክ፣ የምንጩ ፍሰት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በመጋቢትና በሚያዝያ በባልዲና በሰዓት ተለክቶ እንዲመዘገብ ተደርጎ ይጻፋል። የቅድሚያው ልኬት ካልተያዘ ምንጩ በኋላ ሲቀንስ ተቋራጩ ድርቅ ነው ይላል፤ ቀበሌው ፈንጂው ነው ይላል፤ የሚፈርድም አይኖርም።

የመጀመሪያው የክትትል ጉብኝት ከማጽደቂያው በኋላ በመጣው የግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና ይሁን፤ ያልተዘጋ ቁርጥ፣ ያልተነጠፈ መውጫና ያልተሸፈነ ክምር ለማስተካከል አንድ ወር ያህል ይቀራልና። ሁለተኛው በነሐሴ አጋማሽ፣ መንገዱ ቢያስቸግርም፣ ውሃው በትክክል በሚሄድበት ሰዓት ይደረግ።